የአሳዳጊ ድርሻ

ሚያዝያ ሲጋመስ ቤቱ ሊዘጋ አንድ ወር ተኩል ቀረው። ቤቱ የምለው ጂንካ ውስጥ ከኔሪ ወንዝ ከፍ ብሎ የሚገኘውን፣ ጣራው የሚያፈሰውን፣ ሃያ ስድስት ልጃገረዶች ተደራራቢ አልጋ ላይ የሚያድሩበትን ማደሪያ ነው። ልጆቹ ከሐመር፣ ከበናና ከፀማይ መንደሮች የመጡ ተማሪዎች ናቸው። በየመንደራቸው ያለው ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍል ላይ ያበቃል። ከዚያ በላይ መማር የፈለገች ጂንካ መምጣት አለባት፣ ጂንካ ውስጥ ደግሞ ዘመድ የላትም። ቤቱ ከተዘጋ ሃያ ስድስቱም ወደየመጡበት ይመለሳሉ። የተመለሰች ልጅ ምን እንደሚጠብቃት እዚህ አገር የማያውቅ የለም።

እኔ የሺመቤት እባላለሁ። በሰማንያ ሰባት ዓ.ም. ከደብረ ማርቆስ በመምህርነት ተመድቤ ስመጣ ሁለት ዓመት አገልግዬ ልመለስ ነበር። ይኸው ሠላሳ ዓመት ሊሆነኝ ነው። ማስተማሩን ትቼ ይህን ማኅበር ያቋቋምኩት ጎበዝ የምላቸው ሴት ተማሪዎች እየተነጠቁ ሲሄዱ ማየት ስላንገፈገፈኝ ነው። ምላሴ ክፉ እንደሆነ አውቃለሁ። የጂንካ ቢሮዎች በር ላይ ብቅ ስል ግማሹ ሠራተኛ የሻይ ሰዓቱ ትዝ ይለዋል።

ስምንት ዓመት ሙሉ ወጪያችንን የሸፈነልን የውጭ ድርጅት ፕሮጀክቱ አበቃ ብሎ በአንድ ገጽ ደብዳቤ ተሰናበተን። ደብዳቤው ላይ ስላሳየነው ትጋት ሦስት ጊዜ ያመሰግናል። ምስጋናው ጤፍ አይገዛም፣ ጣራም አይጠግንም። አከራዩ ግንቦት መጨረሻ ላይ ቤቴን ልቀቁ አለ። እህሉም እየመነመነ ሄዶ ልጆቹን ማታ ማታ ቂንጬ ብቻ እናበላቸው ጀመር።

ከሃያ ስድስቱ አንዷ ጋዲ ናት። እናት ልጅ አታበላልጥም ይባላል። እኔ እናት አይደለሁም፣ አበላልጣለሁ። ጋዲን ከሁሉም አስበልጬ እወዳት ነበር። ስምንተኛ ክፍል ነበረች። ሰኔ ላይ የክልሉን ፈተና ትወስዳለች፣ እንደምታልፍም እኔም መምህሮቿም አንጠራጠርም ነበር። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለች ያመጣት አባቷ ሻንቆ ራሱ ነው። አንድ የከብት ነጋዴ ባመጣለት ወረቀት ላይ አውራ ጣቱን አትሞ፣ ስንት በሬ እንደሸጠ ያወቀው በሬዎቹ ከተነዱ በኋላ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወረቀት የሚያነብ ልጅ ያስፈልገኛል አለ፣ ከልጆቹም ፈጣኗን መርጦ አመጣልኝ። ሻንቆ አማርኛ የተማረው ገበያ ላይ ነው። ወንዱንም ሴቱንም አስተዳዳሪውንም «አንተ» ነው የሚለው፣ ግሡም የራሱን መንገድ ይሄዳል። እኔንም «አንተ ቲቸር» ይለኛል። በመጀመሪያው ዓመት ላርመው ሞከርኩ፣ በሁለተኛው ተውኩት።

ከሁለት ዓመት ወዲህ ጋዲን ለጋብቻ የሚጠይቁ ሰዎች እንዳሉ እሰማ ነበር። በሰማሁ ቁጥር ሐመር አገር፣ ዲመካ ድረስ ወርጄ ሻንቆን እቆጣዋለሁ። እሱ በሄደበት ሁሉ በሚይዛት በርጩማው ላይ ተቀምጦ መሬት መሬቱን እያየ ያዳምጠኛል፣ በመጨረሻም እሺ ይላል። ጠያቂዎቹም ይመለሳሉ። እኔ ታዲያ ልቤ ያብጥ ነበር። ያስመለሳቸው የእኔ ምላስ ይመስለኝ ነበር።

ሚልክያስ የመጣው በዚያው በሚያዝያ ነው። የቀድሞ ተማሪዬ ነው፤ አሁን የዞናችን የማኅበረሰብ ፋውንዴሽን የፕሮግራም ኦፊሰር ሆኗል። ፋውንዴሽኑን ያቋቋሙት የአካባቢው ነጋዴዎች፣ ዕድሮችና ራቅ ብለው የሚኖሩ ተወላጆች ናቸው። በየዓመቱ ለአገር ቤት ማኅበራት ድጋፍ ይሰጣል፣ በተለይም ወደ ኋላ የቀሩትን ወደ ፊት ለማምጣት ለሚሠሩ። ሚልክያስ ፎርሙን በሁለት እጁ ይዞ አቀረበልኝ። አሥራ አራት ገጽ ነው። የፆታ ፍትሐዊነትን እንዴት ያረጋግጣሉ ለሚለው ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፍኩ፣ እጄ እንኳ አልደከመም። ሠንጠረዥ ስድስት ላይ ስደርስ ቆምኩ። የማኅበረሰብ ተዋጽኦ ይላል፤ ከጠቅላላው ወጪ ከሩብ የማያንስ፣ በጥሬ ገንዘብ ወይም በዓይነት።

ድሃ ለድህነቱ መዋጮ ይክፈል ነው የምትሉት ብዬ ጮህኩበት። ሚልክያስ ጩኸቴን ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ ስለሚያውቀው አልደነገጠም። ሰው ያላዋጣበትን ነገር የእኔ አይልም፣ የውጪዎቹ የሄዱ ዕለት ቤቱ ባለቤት ያጣው ለዚህ አይደለም ወይ አለኝ። እውነት ነበረው። ያናደደኝም እውነት ስለነበረው ነው። ሦስት ሳምንት ሰጠኝ፤ ከዚያ ካለፈ ድጋፉ ለሌላ ማኅበር ይሄዳል።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል። የመስክ ሠራተኛችንን ዶላሞን ጠራሁትና በሞተር ብስክሌቱ በየአባቶቹ ዘንድ እንዲዞር ነገርኩት። የሺመቤት ልጆቻችሁን እያሳደገች ነው፣ አሁን ግን ቸግሯታል፣ ከከብቶቻችሁ ስጧት ብለህ ንገራቸው አልኩት። ዶላሞ የሐመር ልጅ ነው፣ እዚሁ ጂንካ አሥረኛ ክፍል ድረስ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ቁልፉን ተቀብሎ አልሄደም። በሩ ላይ ቆሞ ጣቶቹን ያፍተለትል ጀመር።

«ቲቸር፣ እኛ አገር የልጅ አባት ዘንድ ሄዶ ከብት መጠየቅ ዝም ብሎ አይደለም» አለኝ። «መጀመሪያ ቁጭ ብለን...»

«ዶላሞ፣ ቁጭ የምንልበት ጊዜ የለንም። ፍየል ፍየል ነው። ሂድ።»

ሄደ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እያልኩ ስንቱን ክፍል ያስተማርኩ ሴት፣ ሥሩ በራፌ ላይ ቆሞ ሊነግረኝ ሲል አባረርኩት።

ግንቦት ሁለተኛው ቅዳሜ፣ ዲመካ ገበያ። ከገበያው ዳር ከትልቁ ግራር ሥር ተቀምጠን ጠበቅን። ሚልክያስ ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። እውነቱን ለመናገር፣ ሦስት ፍየል ካገኘን ይበቃናል ብዬ ነበር የሄድኩት። ዘጠኝ አባቶች መጡ። አንዱ ሁለት ፍየል፣ ሌላው ማር በቅል፣ ሌላው አንድ በግ። ሻንቆ መጨረሻ ላይ መጣ፤ ስድስት ፍየልና አንዲት ቀይ ጊደር እየነዳ። ከኋላው ሽማግሌዎች ነበሩ፣ የማላውቃቸው ሁለት ጎልማሶችም።

ሻንቆ እጄን ያዘና የጊደሯ ጀርባ ላይ አሳረፈው። ጀርባዋ ይሞቅ ነበር። ሴቶቹ በአንድ ድምፅ እልል አሉ። ሚልክያስ ደጋግሞ ፎቶ አነሳ። ሽማግሌዎቹ ከፍየሎቹ ሦስቱን እዚያው አሳረዱ፣ ሥጋው እንጨት ላይ ተጠበሰ፤ ሻንቆ ከፍርምባው ቆርጦ በእጁ አጎረሰኝ። ፊቱ ፈገግታ አልነበረውም፣ ግን ሻንቆ መቼ ፈገግ ብሎ ያውቃል ብዬ አለፍኩት። ዶላሞ ራቅ ብሎ ሞተሩ ላይ ተቀምጦ ነበር፣ ሥጋውንም አልቀመሰም። ሆዱን አሞት ነው ብዬ ገመትኩ። እኔ እንደዚያ ቀን ጣፍጦኝ በልቼ አላውቅም። ሠላሳ ዓመት ለፍቼ ሰዎቹ ሥራዬን አወቁልኝ ብዬ ስመለስ መኪናው ውስጥ አለቀስኩ፣ የደስታ ልቅሶ።

የቀሩት ፍየሎችና ጊደሯ ተሽጠው ቆርቆሮ ተገዛባቸው። ውሉ ተፈረመ፣ የመጀመሪያው ክፍያ ተለቀቀ። አከራዩ ኪራዩን ሲያይ ቤቱን ልቀቁ ማለቱን ረሳው። እህል ገባ። ልጆቹ ማታ በርበሬ ያለበት ወጥ ሲበሉ ድምፃቸው እስከ መንገዱ ይሰማ ነበር። ጋዲ ከጎኔ ተቀምጣ የሒሳብ ጥያቄዎች ትሠራ ነበር፤ ቀና ብላ፣ ቲቸር፣ አሁን አንዘጋም አይደል አለችኝ። አንዘጋም አልኳት።

ሰኔ በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ለፈተናው ስምንት ቀን ሲቀረው፣ ሻንቆ በጠዋት በራችን ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ዲመካ ላይ ያየኋቸው ሁለት ጎልማሶች አጠገቡ ቆመዋል። ሰላምታውን አድርሶ ጋዲን ልወስድ መጣሁ አለኝ፤ የሰው ዕቃ ተውሶ እንደሚመልስ ሰው በትሕትና።

ደሜ ፈላ። ሕግ አለ፣ ልጅቷ ገና አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ አሁን ፖሊስ እጠራለሁ፣ ታስራለህ አልኩት። ሌላም ብዙ ነገር ተናገርኩ፤ ዛሬ ሳስታውሰው የማፍርበትን ጭምር። ጎልማሶቹ ምን እንዳልኩ ባይገባቸውም ድምፄ ገብቷቸው ወደ ኋላ አሉ። ሻንቆ ግን መሬት መሬቱን እያየ እስክጨርስ ጠበቀኝ፣ እንደ ሁልጊዜው።

«አንተ ቲቸር» አለ በመጨረሻ። «እኔ ሁለት ዓመት ሰው መለሰ። ያሳደገ ሰው ገና አልበላም፣ ገና አልጠየቀም፣ እሱ ካልጠየቀ ልጅ አይሄድም አልኩ። ሰው ተመለሰ። አሁን አንተ ጠየቀ።»

አልገባኝም። ምንድን ነው የጠየቅኩት አልኩት። ሻንቆ ጩኸቴን ሰምቶ ወደ ወጣው ዶላሞ ዞረ፤ ዶላሞም ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ ነገረኝ። የሴት ልጅ ጥሎሽ ሲመጣ ለአባት ብቻ አይደለም። ለአጎት ድርሻ አለው፣ ለአያት ድርሻ አለው፣ ልጅቷን በቤቱ ያሳደገም ሰው ድርሻ አለው። አሳዳጊው ድርሻውን እስኪጠይቅ ድረስ ልጅቷ በእሱ እጅ ናት፤ አባት እንኳ አይነካትም። አሳዳጊ ከብት ጠየቀ ማለት ደግሞ አሳድጌ ጨርሻለሁ፣ ውሰዷት ማለት ነው። ሻንቆ መልእክቴ ሲደርሰው ለጠያቂዎቹ ላከ፣ እነሱም ፍየሎቹንና ጊደሯን አመጡ። እጄን ጀርባዋ ላይ ያሳረፍኳት ጊደር የጋዲ ጥሎሽ ነበረች። ፍርምባውን ሰው ሁሉ እያየኝ ነው የበላሁት።

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጠያቂዎቹን የመለሰው የእኔ ቁጣ አልነበረም። ይሄ ዝምተኛ ሰው ነበር፣ የራሱን ባህል እንደ አጥር አጥሮ ልጁን ከእኔ ጋር ሲጠብቅ የኖረው። እኔ ባልጠይቅ ኖሮ አሥር ዓመትም ይጠብቅ ነበር። አጥሩን ያፈረስኩት በሠንጠረዥ ስድስት ነው።

«ዶላሞ መጣ፣ ከብት አለ» አለ ሻንቆ። «እኔ ልብ ወደቀ። ቲቸር ደክሞታል አልኩ። አንተ ደክሞሃል?»

አልደከመኝም አልኩት። አልደከመኝም፣ አላወቅኩም፣ ሳላውቅ ነው፣ እመልሳለሁ፣ ሁሉንም እመልሳለሁ እያልኩ ልብሱን ያዝኩት። ስምንት ቀን ብቻ፣ ፈተናዋን ትውሰድ ብዬ ለመንኩት። ወደ ጎልማሶቹ ዞሮ ተናገራቸው፣ ረዥም ጊዜ ተነጋገሩ። ስምንቱን እንቢ አሉ። ሦስት ቀን ሰጡኝ፣ እሱም ለሻንቆ ሲሉ ነው። ፖሊስ ልጥራ ብል የሚታሰረው ሻንቆ ነበር፣ ጥሎሹን የበላሁትም እኔ።

በመጀመሪያው ቀን ወደ ሚልክያስ ሮጥኩ። የሻንቆን ከብት ከተዋጽኦው ሰርዝልኝ አልኩት። ነገሩን ሲሰማ መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ቲቸር፣ የሻንቆ ከወጣ ሩቡ አይሞላም፤ ሩቡ ካልሞላ ውሉ ይፈርሳል፤ ውሉ ከፈረሰ የተከፈለው ይመለሳል፤ ቤቱም ይዘጋል አለኝ። ክፋት የለበትም። ያየውን ነው የነገረኝ። ሃያ አምስቱን ልጆች በአንድ በኩል፣ ጋዲን በሌላ በኩል አድርጎ ምረጪ አላለኝም፤ ነገሩ ግን ያው ነበር። ልወጣ ስል ከመቀመጫው ተነሳ።

«ቲቸር» አለኝ ቀስ ብሎ። «የቀሩት ስምንት አባቶችስ?»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ውጪ ሞተሩ ላይ የሚጠብቀኝን ዶላሞን ጠየቅኩት። አምስቱ የአሳዳጊ ድርሻ የሌለበት አገር ሰዎች ናቸው፣ ሦስቱ ግን እንደ ሻንቆ ናቸው አለ፤ ልጆቻቸው ገና ትንንሾች ስለሆኑ ሰው ገና አልመጣም እንጂ ከጠየቅሻቸው ቀን ጀምሮ አጥር የላቸውም። እና ለምን ዝም አልክ ብዬ ልጮህበት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ በሩ ላይ ጣቶቹን ሲያፍተለትል ትዝ አለኝና አፌን ዘጋሁ። እሱ ግን ገባው መሰለኝ፣ ዓይኑ እንባ ሞላ።

በሁለተኛው ቀን ሌላ ተስፋ ያዝኩ። ለክፉ ቀን ብዬ ያስቀመጥኩትን ገንዘብ በሙሉ ከባንክ አወጣሁ። ጂንካ ገበያ ስድስት ፍየልና አንዲት ጊደር ገዛሁ፤ ጊደሯ ቀይ እንድትሆን ግማሽ ቀን ዞርኩ። አይሱዙ ተከራይቼ፣ ፍየሎቹ እግሬ ሥር እየጮሁ፣ ቁልቁል ወደ ዲመካ ወረድኩ። እዚያ መንገድ ላይ እንደዚያ ቀን ጸልዬ አላውቅም። ስላንዷ ልጅ ብዬ፣ ስለ ስምንት ቀን ብዬ፣ ሁሉንም ስም ጠራሁ።

ሻንቆ ከብቶቹን ሲያይ ፊቱን አዞረ። ሽማግሌዎቹ ተነስተው ሄዱ። የሻንቆ ሚስት ከጎጆዋ ወጥታ አየችኝና እጇን አፏ ላይ ጭና ተመልሳ ገባች። ምን አጠፋሁ ብዬ ዶላሞን ጠየቅኩት። የአሳዳጊ ድርሻ የሚመለሰው በአንድ ምክንያት ብቻ ነው፣ ልጅቷ ስትሞት አለኝ። የሞት መርዶ ጭኜ ነበር የመጣሁት። ጊደሯን ወደ መኪናው ለመመለስ ስንታገል አንድ ሰው እንኳ ሊያግዘን አልተነሳም። በሬ ሆይ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚለውን ተረት በልጅነቴ እየሳቅኩ ነበር የምደግመው።

በሦስተኛው ቀን ጋዲ ጓሮ ልብስ ታጥብ ነበር። የሁሉን ነገር ወሬ ከዶላሞ አውጣጥታ ሰምታለች። ልነግራት ያዘጋጀሁት ብዙ ነገር ነበር። አርባ ምንጭ ጓደኛ አለችኝ፣ ዛሬውኑ በአውቶቡስ እልክሻለሁ፣ ፈተናውን እዚያ የሚያስወስድሽ ሰው እፈልጋለሁ ልላት ነበር። ዩኒፎርሟን ጨምቃ ገመዱ ላይ አስጥታ፣ እጇን በቀሚሷ አድርቃ ወደ እኔ ዞረች።

«ቲቸር፣ አንቺ ጠየቅሽ?»

«ጠየቅኩ።»

«ሳታውቂ?»

ሳላውቅ ልል ነበር። ዶላሞ በሩ ላይ ቆሞ እንደነበር ታውቃለች፣ ዓይኗ ላይ አየሁት። ለዚህች ልጅ አምስት ዓመት ውሸት አትናገሪ እያልኩ ነው ያሳደግኳት።

«ሊነግረኝ ነበር» አልኳት። «እኔ አልሰማሁም።»

ስለ አርባ ምንጭ ስነግራት አዳመጠችኝ፣ ራሷን ግን ነቀነቀች። እኔ ከጠፋሁ አባቴ የሰው ከብት በልቶ ልጁን የደበቀ ይባላል አለችኝ። አንቺም እንደዚያ ትባያለሽ። ከዚያ በኋላ ማን አባት ልጁን ወደዚህ ቤት ይልካል? ታናሽ እህቴን ማን ይልካታል? ይህን ሁሉ ያለችው ሳታለቅስ፣ የሒሳብ ጥያቄ ሠርታ መልሱን እንደምታሳየኝ አድርጋ ነው። መልሱ ላይ ስህተት ፈለግኩበት፤ አላገኘሁም። ያለቀስኩት እኔ ነኝ። እሷ አቅፋ ያዘችኝ።

ዩኒፎርሟ ሳይደርቅ ሄደች። መጻሕፍቷን ለሰባተኛ ክፍሎቹ አከፋፈለች። የፈተና መግቢያ ካርዷን ብቻ፣ ፎቶዋ የተለጠፈበትን፣ በላስቲክ ጠቅልላ ያዘችው። ይሄ ለምንሽ ነው አልኳት፣ ጭካኔ አይሁንብኝ እንጂ። ስሜ በትክክል የተጻፈበት ሌላ ወረቀት የለኝም አለችኝ። ሻንቆ ከፊት፣ እሷ መሃል፣ ጎልማሶቹ ከኋላ ሆነው ወደ መናኸሪያው ሄዱ። ሃያ አምስቱ ልጆች አጥሩ ላይ ተንጠልጥለው ያዩ ነበር።

ሰኔ አለፈ፣ ክረምቱ ገፋ። አዲሱ ጣራ አንዲት ጠብታ አላሳለፈም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ እንቅልፍ አልወስድ ስለሚለኝ ጆሮዬን በጨርቅ እያሰርኩ ተኛሁ። ነሐሴ ላይ ፋውንዴሽኑ ዓመታዊ ስብሰባ ጠራ። ስክሪኑ ላይ ትልቅ ፎቶ ተደቀነ፤ እኔ ነኝ፣ እጄ ቀይ ጊደር ላይ፣ ጥርሴ በሙሉ ይታያል። ከሥሩ «ምርጥ ተሞክሮ» ተብሎ ተጽፏል። አርብቶ አደሩ ለሴት ልጅ ትምህርት ከብቱን በፈቃዱ ያዋጣበት ስለሆነ በቱርሚና በወይጦ ላሉ ማኅበራት ይስፋፋ ተባለ፣ ተጨበጨበ። ሚልክያስ ብቻ አላጨበጨበም። ተነስቼ ልናገር ነበር። ብድግ ብዬ መልሼ ተቀመጥኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብኝ ፈራሁ። ስንወጣ የሁለተኛው ዓመት ፎርም ታደለን፣ ሠንጠረዥ ስድስት እዚያው ቦታው ላይ ነበር።

መስከረም ላይ ትምህርት ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው ሻንቆ መጣ። ከስቷል። ጎኑ ላይ የተጣበቀች የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች፣ የጋዲ ታናሽ፤ ግንባሯ ቁርጥ የእህቷ ነው። ይህ ሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ሌላ ልጅ ያምጣልኝ? ስለ ጋዲ ጠየቅኩት። አለ አለኝ፤ ውሃ ይቀዳል፣ ማሽላ ይፈጫል፣ ብዙ አያወራም። ከዚያ ከጉያው በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ሰጠኝ። ካርዱ ነበር። ጋዲ ለቲቸር ስጥ አለ፣ እኔ ጋ ይበላሻል አለ አለኝ። ፎቶዋ ላይ ጋዲ ዩኒፎርም ለብሳ፣ ለመሳቅ እየታገለች፣ አፏን ገጥማ ታየኛለች።

ሻንቆ የትንሿን እጅ ከእጁ አላቆ በእኔ እጅ ውስጥ አስቀመጠው። እንዳላመልጥም አጥብቆ ያዘው።

«አንተ ቲቸር» አለኝ። «ይሄን አትጠይቅ።»

«አልጠይቅም» አልኩት።

«ፍየል አትጠይቅ። ዶሮ አትጠይቅ። ምንም አትጠይቅ። አንተ ካልጠየቀ እኔ ሰው ይመልሳል።»

አልጠይቅም፣ ብሞትም አልጠይቅም አልኩት። ስለው ግን ምን ማለቴ እንደሆነ አውቄው ነበር። ሳልጠይቅ ሩቡ አይሞላም፣ ሩቡ ካልሞላ ድጋፉ የለም፣ ድጋፉ ከሌለ ይህች ልጅ እዚህ የምታድረው እስከ ሰኔ ብቻ ነው። እሱ ይህን አያውቅም። አልነገርኩትም። በርጩማውን አንስቶ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ዞር ሳይል ሄደ። ልጅቷን ወስጄ የጋዲ አልጋ ላይ አስተኛኋት፣ ሌላ ባዶ አልጋ አልነበረም።

በማግስቱ ፎርሙን ሞላሁ። የፆታ ፍትሐዊነት ላይ ሁለት መስመር ብቻ ጻፍኩ። ሠንጠረዥ ስድስት ላይ ስደርስ እስክሪብቶውን አስቀመጥኩና ካርዱን ባዶው ሳጥን ላይ አድርጌ በስቴፕለር መታሁት። በእግሬ ወደ ፋውንዴሽኑ ቢሮ ሄጄ ለሚልክያስ በእጁ ሰጠሁት። ገጾቹን እያገላበጠ ካርዱ ላይ ሲደርስ ቆመ። ፎቶዋን አየ፣ ስሟን አነበበ።

«ቲቸር፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ያዋጣነው እሷን ነው» አልኩት።